ብርድ ፈሪው የኤሲ ባለሙያ

ኦሎምፒያ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ጋራዥ፣ አንገቱን በወፍራም ሻርፕ ጠቅልሎ የሚሠራ ሰው ካያችሁ ጉሮሮውን አሞታል ብላችሁ አትዘኑለት። ስሙ ገበያው ነው። ሙያው የመኪና ኤሲ መጠገን ነው፤ ሻርፑንም የሚያደርገው ለዚሁ ነው። ኤሲ ብርድ ያመጣል፣ ብርድ ደግሞ፣ እሱ እንደሚያምነው፣ ሰውን የሚገባው በአንገት በኩል ነው።

ይህን እምነት ለብቻው የያዘው እንዳይመስላችሁ። በሚያዝያ ፀሐይ፣ ከካዛንቺስ በተነሳ ታክሲ ውስጥ፣ ተሳፋሪው ሁሉ በላብ ተጠምቆ እያለ አንድ ደፋር መስኮት ቢከፍት፣ ከኋላ ወንበር "ኧረ ዝጉት፣ በብርድ ልታስመቱን ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ደፋሩም አፍሮ ይዘጋዋል። ሁላችንም አብረን እንቀቀላለን እንጂ ነፋስ ሲያልፍ አናይም። እንዲህ ባለ ከተማ የመኪና ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ ብሎ መነሳት በሁዳዴ ሥጋ ቤት እንደ መክፈት ነው።

ገበያው ግን አልከሰረም፤ እንዲያውም ወፈረ። ምክንያቱን እሱም ዘግይቶ ነው የደረሰበት። የከተማችን ባለመኪና ኤሲ እንዲኖረው ይፈልጋል፣ እንዲሠራም ይፈልጋል፤ እንዲበራ ግን አይፈልግም። መኪናውን ሊሸጥ ሲደራደር "ኤሲዋ በረዶ ነው" ማለት መቻል አለበት። ኤሲ ደግሞ ሥራ ሲፈታ ይበላሻል። ኮምፕረሰሩ ሳይዞር ወራት ሲቀመጥ ዘይቱ አይዳረስም፣ የቱቦው መጋጠሚያ ጎማ ይደርቃል፣ ጋዙ ቀስ እያለ ሾልኮ ያልቃል። ባለመኪናው ይመጣል፤ ገበያው ጎማውን ቀይሮ ጋዝ ይሞላል፤ ባለመኪናው መዳፉን ወደ ነፋሱ ዘርግቶ "አሁን ገና" ይልና ወዲያው ያጠፋዋል። እንደገና እስኪደርቅ ድረስ አይነካውም። ገበያው መጀመሪያ ሰሞን በሳምንት አንዴ አብሩት እያለ ይመክር ነበር። የሚሰማው አጣ። በኋላ እንጀራው የሕዝቡ ፍርሃት መሆኑ ሲገባው ምክሩ እያጠረ እያጠረ ሄዶ ጠፋ።

አንድ ነገር ግን ማንም አያውቅበትም። ይህ ሰው ኤሲ በበራበት መኪና ውስጥ አንድ ቀን ተቀምጦ አያውቅም። ጠግኖ ሲጨርስ ሞተሩን ያስነሳል፣ ኤሲውን ይከፍታል፣ ቴርሞሜትሩን አየር መውጫው ላይ ይሰካል፣ ዘሎ ይወጣና በሩን ይዘጋል። ከዚያ ሻርፑን እያጠበቀ ከውጭ በመስታወቱ ቁጥሩን ያነብባል። ደንበኞቹ ይህን ከጥንቃቄ ቆጥረውለት፣ አይቸኩልም፣ ቆሞ ይከታተላል እያሉ ስሙን አነሱለት። ፍርሃትም ሲታደል ሙያ ይባላል።

እጸገነትን ያወቃት በሥራ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ሆቴል የእንግዶች መጓጓዣ ኃላፊ ናት። ከኤርፖርት የሚመጡ እንግዶች ሚኒባሱ ውስጥ ተቀቀልን እያሉ ሲያመለክቱባት ገበያውን አስጠራችው። ገበያው ኮፈኑን ከፈተ፣ ቺንጋውን ነካካ፣ ጋዙን ለካ፣ ፊልትሮውን አውጥቶ አራገፈ። ሁሉም ደህና ነው። የተበላሸው ሾፌሩ ነበር። ሾፌሩ ኤሲ አብራ ሲባል የልጆች አባት መሆኑን ያስታውሳል እንጂ ቁልፉን አይነካም። እጸገነት ታዲያ ምኑ ነው የተበላሸው ብላ ስትጠይቅ ገበያው ሻርፑን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ፣ "ምንም አልተበላሸም። ሾፌሩ ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን አላበራውም" አላት።

እጸገነት ክረምት ከበጋ የቢሮዋን መስኮት ከፍታ የምትሠራ፣ ባልደረቦቿ በዚህ የተነሳ ጠረጴዛ የራቁባት ሴት ናት። ሳቀች፤ ሲበቃት ደግሞ የሚፈራውን ነገር የማይደብቅ ወንድ ካየች ስንት ዘመኗ እንደሆነ አሰበች። ከዚያ ወዲህ የሆቴሉ ሚኒባስ ሳይበላሽም ገበያው ይጠራ ጀመር። መስኮት ከፋችና መስኮት ዘጊ እንዴት እንደሚዋደዱ እኔ አላውቅም፤ ተዋደዱ። ማኪያቶ ሲጠጡ እንኳ እሷ በረንዳ ላይ፣ እሱ ከመስታወቱ በስተውስጥ ተቀምጠው በስልክ ያወሩ ነበር ብለው የሚያሟቸው አሉ። ይህ ግን የተጋነነ ነው።

ችግሩ አባቷ ናቸው። አቶ አባዲ ጡረታ የወጡ የጉምሩክ ትራንዚተር፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ በሀገር ቋንቋቸው በትግርኛ ልጃቸውን "ጓለይ" እያሉ የሚጠሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። "ወደይ"፣ ወንድ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሲሉ የሚሰሙት ግን የወንድማቸውን ልጆች ብቻ ነው፤ ሌላውን ሰው ሁሉ በሙሉ ስሙ ይጠሩታል። የካዛንቺሱ ቤታቸው ለልማት ተነስቶ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ከገቡ ጀምሮ የዚያ ቤት መስኮት ተከፍቶ አያውቅም። የመስኮቱን ዙሪያ በፕላስተር አሽገውታል፤ የበሩን ሥር አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ደፍነውታል፤ የቁልፉን ቀዳዳ ጥጥ ወትፈውበታል። ሚስታቸውን የወሰደው የሳንባ ምች ነው። ሐኪሙ ያለውን ይበል፣ አቶ አባዲ የሚያስታውሱት ያን ሰሞን ቤታቸው ውስጥ አንድ መስኮት ተከፍቶ እንደነበር ነው።

ታዲያ እኚህ ሰው አውቶማቲክ ኤሲ ያላት መኪና አለቻቸው። የወደዷትም ስለምታሞቅ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሃያ አምስት ዲግሪ ላይ ያደርጓታል፣ ደስ የሚል ለብ ያለ አየር ትሰጣቸዋለች። ፀሐይ ወጣ ሲል ግን መኪናዋ ጠባይዋ ይለወጣል፤ ሃያ አምስት እንደተባለች ብርድ ትለቅባቸዋለች። ሃያ ስምንት ያደርጓታል፣ ያው ናት። አቶ አባዲ ይህን ከብልሽት አልቆጠሩትም፤ ከክህደት ነው የቆጠሩት። እናም እጸገነት የገበያውን ነገር ስታነሳባቸው ብዙ አልተናገሩም። የኤሲ ባለሙያ ነኝ ካለ መኪናዬን ይሥራ፣ ከሠራ ሽማግሌ ይላክ፣ ካልሠራ ቤቴን ብርድ በሚያመጣ ሰው አላስነካም አሉ።

ገበያው መኪናዋን ጋራዥ ያስገባት እንደ ታቦት በዝግታ እየነዳ ነው። አውቶማቲክ የሚሏት ነገር ቀላል እንደሆነች ለጎረቤት መካኒኮች ሲያስረዳ ድምፁ ሁሉ ተለወጠ። ቁጥር ትነግራታለህ፣ የቀረውን ራሷ ትጨርሳለች። ራዲያተሩ ፊት የውጭውን አየር የሚለካ ሰንሰር አለ፤ ዳሽቦርዱ አናት ላይ ፀሐይዋን የሚለካ ሌላ አለ፤ ከመሪው በታች፣ ከአንዲት ትንሽ ወንፊት ኋላ፣ የውስጡን አየር እየሳበ የሚለካ ሦስተኛ አለ። እነሱ ያዩትን ሲናገሩ ትንንሽ ሞተሮች የሙቁንና የቀዝቃዛውን መዝጊያ እየከፈቱ ይዘጋሉ። ይህን ሁሉ ሲናገር መካኒኮቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት።

ተናግሮ ሲጨርስ ሥራ ጀመረ። ፊልትሮውን ቀየረ፣ ጋዙን ለካ፣ የፊቱን ሰንሰር አዲስ አደረገ። ከመሪው ሥር ሲደርስ ያቺ ወንፊት ላይ ጥጥ ተወትፎ አገኘ፤ ግማሹ ሾልኮ ሊወድቅ ደርሷል። በገበያው በራሱ ቤት የቁልፍ ቀዳዳ ላይ ያለውም እንዲሁ ነው። የጥንቁቅ ሰው ነገር ብሎ በሆዱ አማቱን አደነቀና፣ በአውራ ጣቱ ጠበቅ አድርጎ መለሰው። አሁን የዚያችን ወንፊት ጥቅም ሲያስተምር የነበረ ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል ትሉ ይሆናል። እሱ ያየው ሰንሰር አይደለም። ቀዳዳ ነው ያየው፤ ቀዳዳ ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ የሚደፈን ነገር ነው።

ጋራዡ ጥላ ውስጥ አቁሟት፣ ቴርሞሜትሩን ሰክቶ፣ ውጭ ቆሞ አነበበ። ቁጥሩ ልክ ነው። መኪናዋን አጥቦ ሰጠ። አቶ አባዲ ሰኞ ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ አውጥተው ሲነዷት ያው ብርዷን ለቀቀችባቸው። መልሰው ላኩለት። ገበያው አንዱን ትንሽ ሞተር ነቅሎ በአዲስ ተካ፣ አሁንም በጥላ ለካ፣ አሁንም ልክ ነው፣ አሁንም ላከ። በዚህኛው አቶ አባዲ ሳል ጀመራቸው። ልጁ ብርዱን ሊያወጣ ገብቶ ጨምሮበት ወጣ፣ የእኔን ቤት ሽማግሌ እንዳያስረግጥ ብለው ለእጸገነት ነገሯት።

ገበያው ይህን ሲሰማ ምግብ አስጠላው። የኤሲ ባለሙያ ኤሲ አቅቶት ሚስት ሲያጣ የሚቀለደውን ቀልድ ሁሉ አስቀድሞ ሰማው። ከቀልዱ ይልቅ ግን የከበደው እጸገነትን ማጣቱ ነው፤ ከእሷ በፊት በፍርሃቱ ስቆ የወደደው ሰው አልነበረም።

ያዳነችው ራሷ ናት። ረቡዕ በምሳ ሰዓት የአባቷን መኪና ይዛ መጣች፤ እኔ እነዳለሁ፣ አንተ ውስጥ ትቀመጣለህ አለችው። ገበያው ከውጭ ሆኖ መከታተሉ እንደሚሻል ሊያስረዳት ሞከረ። በሩን ከፍታ ብቻ ጠበቀችው። ሻርፑን በጆሮው ላይ አሳልፎ፣ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ስቦ፣ ተሰናባች መስሎ ገባ። ካዛንቺስን ዞረው ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ ፀሐይዋ በመስታወቱ ቀጥ ብላ ገባች፣ ያኔ ብርዱ መጣ። ገበያው ለዓመታት በቁጥር ብቻ የሚያውቀው ነገር ፊቱን መታው። ዓይኑን ጨፍኖ የሳንባውን ነገር ይጠባበቅ ጀመር።

እጸገነትን በበኩሏ ነፋሱ ዓይኗን መትቷት እንባዋ ኩሏን አበላሽቶባታል። መጥረጊያ ስትፈልግ ከመሪው ሥር የጥጥ ጫፍ አየች። ሳበችው። ጥጡ ሲሳብ ሲሳብ አልቆ ወጣ፤ ዓይኗን ጠርጋበት ጉዞ ቀጠሉ። ኦሎምፒያ ሊደርሱ ሲሉ ነፋሱ ቀስ እያለ ለዘበ፣ ከዚያ ለብ አለ። ገበያው አንድ ዓይኑን ከፈተ። መጀመሪያ እጇ ላይ ያለውን ጥጥ አየ፣ ከዚያ ወንፊቷን አየ፣ ከዚያ ጆሮው ጋለ።

ጥጡን የወተፉት አባትሽ ናቸው አላት። ትንሽ ቆይቶ፣ መቼም መናገሩ ስለማይቀር፣ "እኔም ጠበቅ አድርጌ መልሼዋለሁ" ብሎ ጨመረ። እጸገነት መኪናውን ዳር ይዛ አቆመች፤ ሳቋን ስትጨርስ "የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው" አለች። እሱም ሳቀ፤ ሞቆትም ስለነበር ሻርፑን ላላ አደረገ።

በማግስቱ አቶ አባዲ ደወሉ። ድምፃቸው ተለውጧል። መኪናዋ ቀትር ላይ እንደ ጠዋቷ ሆናለች፤ አዲሷ ሞተር ለመላመድ ጊዜ ወስዳ ነው መሰለኝ፣ ሥራህን ተጠራጥሬ ነበር አሉ፤ ከዚያም እሑድ ሽማግሌዎችህን ላክ ብለው ዘጉ። ገበያው ከ"እሺ ጋሼ" ሌላ አንድም ቃል አልተነፈሰ። ደስታው ወሰን አጣ። ለእጸገነት በስልክ ሲነግራት ግን የጥጡን ነገር ነገርካቸው ወይ አለችው፤ አልነገርኳቸውም አላት።

"ያንን ሾፌር ትክክል ነው ባልክ ጊዜ ነው የወደድኩህ" አለችው። "አባቴን ፈርተህ ዝም ካልክ ግን ሽማግሌዎችህን ደረጃችንን አታስወጣቸው። በቃ።"

ገበያው ተጨነቀ። እውነቱን ቢናገር ሽማግሌው ሰው ራሳቸውን በራሳቸው ብርድ ሲያስመቱ እንደከረሙ ሊነግራቸው ነው፤ እሱም ደህናውን ዕቃ ሲቀያይር እንደከረመ ሊታወቅበት ነው። የሽማግሌዎቹ አለቃ አድርጎ የመረጣቸውን አቶ ደጋጋን፣ ጋራዡ ጎን መለዋወጫ የሚሸጡትን፣ ምከሩኝ አላቸው። አቶ ደጋጋ በሕይወታቸው ብዙ መለዋወጫና ብዙ ጋብቻ ያገጣጠሙ ሰው ናቸው። እውነት ከሠርግ በኋላም ይደርሳል፣ ምን አስቸኮለህ አሉት። ምክሩ ጥሩ ነበር። የምታገባው ሌላ ብትሆን ይሠራ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰንጋ ተራ ሄደ። አቶ አባዲ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው፣ የሱፍ ቆብ አድርገው ተቀበሉት። ክፍሉ ይሞቃል፣ የታመቀ አየር ይሸታል፤ ገበያው በሌላ ቀን ቢሆን እንዴት ያለ ቤት ነው ባለ ነበር። አልቀመጥም ብሎ ቆመ።

"ጋሼ፣ መኪናዋን ያዳናት እኔ የቀየርኩት ዕቃ አይደለም። ከመሪው ሥር ያለችው ቀዳዳ ጥጥ ነበረባት፤ እሱ ሲወጣ ነው የተስተካከለችው።"

"ጥጡን ያደረግኩት እኔ ነኝ" አሉ አቶ አባዲ።

"አውቃለሁ። እኔም አይቼው ጠበቅ አድርጌ መልሼዋለሁ።"

አቶ አባዲ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። "ታዲያ ብርዱ ከየት ነው ሲመጣ የነበረው?"

"ከጥጡ ነው ጋሼ። ቀዳዳዋ ስትደፈን መኪናዋ የውስጡን አየር አታይም። የዳሽቦርዱን ግለት ብቻ ነው የምታየው። እርስዎን የሞቀዎት ይመስላትና ታቀዘቅዛለች።"

ገበያው የተዘጋውን መስኮት፣ ፕላስተሩን፣ የቁልፉን ጥጥ ሲያይ ቆየ፤ በመኪናው ነገር የጀመረው ንግግር ሳያስበው ቤቱን ሁሉ እንደነካ ገባውና ደነገጠ።

"እናቷ የታመመች ለት" አሉ አቶ አባዲ መጨረሻ ላይ፣ "ሞቀኝ ስትለኝ መስኮቱን የከፈትኩላት እኔ ነበርኩ።"

ነገሩ መኪና ቢሆን ገበያው ይፈታው ነበር። አዝኖላቸው፣ እጁን አጣምሮ ቆመ። አቶ አባዲ ተነስተው፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መኝታ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ። ብርድ ልብሱ ከውስጥ ወደ በሩ ሥር ሲገፋ ተሰማ። ስለ እሑድ ያሉት ነገር አልነበረም።

አቶ ደጋጋ ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ግን እንደ ልማዳቸው መውጫ አገኙለት። አትምጡ አላሉም፣ አትምጡ ካላሉ ኑ ማለት ነው። እሑድ ከሰዓት ሁለት የሰፈር አባወራዎች አስከትለው ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ደረሱ። ደረጃው ሥር ሲደርሱ አቶ ደጋጋ ዘወር ብለው ገበያውን ሻርፕህን አምጣ አሉት። እዚያ ቤት አንገትን ገልጦ መግባት ንቀት ነው፤ እሳቸው ደግሞ ካባቸውን እንጂ ሻርፕ አላሰቡም። ገበያው ሻርፑን ፈትቶ አንገታቸው ላይ አሰረላቸው፤ ወጡ። እሱ እንደ ወጉ ታች፣ በመጡበት መኪና ውስጥ ቀረ።

ደመናው መጥቷል፤ ከሕንጻዎቹ መሀል የሚወርድ ነፋስ አቧራ ያነሳል። ገበያው ቢጠሩት እንዲሰማ መስኮቱን እስከ ታች አወረደው። ባዶ አንገቱ ላይ ነፋሱ ሲያልፍ ይሰማዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አእምሮው እዚያ አልነበረም። ሦስተኛውን ፎቅ እያየ ነበር። ሽማግሌዎቹ በኋላ እንደተናገሩት፣ በዚያ ሰዓት ላይ እነሱ ላባቸው በጀርባቸው እየወረደ፣ ሻርፑን ያሰሩት አቶ ደጋጋም ፊታቸው ቀልቶ፣ ልጅዎን ለልጃችን የሚለውን ተናግረው ጨርሰው መልስ ሲጠብቁ ነበር። አቶ አባዲ አልመለሱላቸውም። ልጁ የት ነው ብቻ አሉ። ታች ነው አሏቸው።

ገበያው መጀመሪያ ያየው ፕላስተር ነው። ከላይ ካለው መስኮት ጠርዝ ላይ እየተላጠ፣ ነፋስ እየያዘው ይወርዳል። ከዚያ የመስኮቱ ፍሬም ተነቃነቀ፣ ተቀረቀረ፣ እንደገና ተገፋ። እጸገነት ናት ብሎ አሰበ፤ እሷ ከሆነች አባቷን አስቀይማለች ማለት ነው፣ አለቀልኝ አለ። መስኮቱ ሲከፈት የወጣው ክንድ ግን ሹራብ በሹራብ ላይ የደረበ ነው። ቀጥሎ የሱፍ ቆብ ወጣ። አቶ አባዲ ነፋሱ ዓይናቸውን እያስጠበባቸው ወደ ታች ተመለከቱ፤ መኪናውን፣ የወረደውን መስኮት፣ የተራቆተውን አንገት አዩ።

"ወደይ" አሉት፣ "እዚያ ምን ታደርጋለህ? ና ግባ፣ ብርድ ይመታሃል።"

ገበያው ደረጃውን ሮጦ ወጣ። የመኪናውን መስኮት መዝጋት ረስቶታል።